ቃጫውስ እሺ፤ ፕላስቲኩ ለምን?

በምሕንድስና ኮሌጆቻችን አንድ ዓይነት ጽሑፍ እየተደጋገመ ይጻፋል። ርዕሱ ላይ የእንሰት ቃጫ፣ የሙዝ ግንድ፣ ሲሳል ወይም የቡና ገለባ ይጠቀሳል፤ ቀጥሎ ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን ይመጣል። ቃጫው በኮስቲክ ሶዳ ይዘፈዘፋል፣ ታጥቦ ይደርቃል፣ ከፕላስቲኩ ጋር ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ገብቶ ይጠነክራል። ከዚያ ናሙናው በማሽን ይጎተታል፣ ይጎበጣል፣ ይመታል፤ የቻለው ኃይል በሠንጠረዥ ይሰፍራል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ውጤቱ ለመኪና የውስጥ አካል፣ ለኮርኒስና ለቤት ዕቃ ሊያገለግል እንደሚችል የሚገልጽ አንድ ዐረፍተ ነገር ይቀመጣል። ጽሑፉ ይጸድቃል፣ ተማሪው ይመረቃል፣ ናሙናው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በዓመቱ ሌላ ተማሪ ያንኑ ቃጫ በሌላ መቶኛ ቀላቅሎ እንደገና ይጀምራል።

ሳይንሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ጭቃ በጭድ ሲቦካ ግድግዳው ቶሎ እንደማይሰነጠቅ ማንም የገጠር ሰው ያውቃል። ኮምፖዚት የሚባለው ቃጫ ያለበት ፕላስቲክም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ፕላስቲኩ ይይዛል፣ ቃጫው ይሸከማል። ቅሬታዬ ቤተ ሙከራው በር ላይ በሚቀሩት ጥያቄዎች ነው። የመጎተት ጥንካሬው ስንት ሜጋ ፓስካል እንደሆነ የሚጠይቅ ሞልቷል። ቃጫው ከማን ማሳ እንደመጣ፣ ፕላስቲኩ በምን ምንዛሪ እንደተገዛ፣ ዕቃውን ማን እንደሚገዛው የሚጠይቅ ግን አላየሁም።

ጥያቄዎቼን የማነሣው ዲላንና የጌዴኦ ዞንን ይዤ ነው። ይህ ሐሳብ በኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ቦታ ሊሳካ የሚችል ከሆነ እዚያ መሳካት አለበትና። ከአዲስ አበባ በሞያሌ መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ዲላ በእንሰትና በቡና የተከበበች ከተማ ናት። ይርጋ ጨፌ፣ ወናጎ፣ ኮቸሬ፣ ገደብ የሚባሉትን ስሞች የዓለም የቡና ነጋዴ ያውቃቸዋል። ዲላ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስናና ቴክኖሎጂ ኮሌጅ አለው። ቃጫው፣ ቡናው፣ ቤተ ሙከራውና አስፋልቱ አንድ ላይ ተገናኝተዋል። ታዲያ ምን ጎደለ?

በጌዴኦ የሚጣለው ምንድን ነው?

የፕሮጀክት ሐሳብ ሲጻፍ የመጀመሪያው አንቀጽ ሁልጊዜ በብዛት ስለሚገኝና ስለሚጣል የእርሻ ተረፈ ምርት ይናገራል። የእንሰት ማሳ ውስጥ ለገባ ሰው ግን የሚጣለውን ነገር መለየት ይከብደዋል። ቆጮውና ቡላው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ልጣጭና ቅጠል ቡናው ሥር ይነጠፋል፣ ለከብት ይሰጣል፣ ቆጮ ይጠቀለልበታል፣ ቤት ውስጥ ይጎዘጎዛል። በጌዴኦ እርሻ ትልልቆቹ ዛፎች ከላይ ያጠላሉ፣ እንሰቱ መሐል ይቆማል፣ ቡናው ከሥር ያድጋል። ያ ሁሉ ቁልቁለት አፈሩን ይዞ የኖረው ከላይ የሚረግፈውና ከእንሰቱ የሚተርፈው ነገር ተመልሶ መሬቱን ስለሚመግብ ነው። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ዋጋ ከሰጣቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ሥርዓት ነው። ታደሰ ኪጴ በ2002 እ.ኤ.አ. ስለ ጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም ያሳተሙት ጥናት በርዕሱ ስለ አምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት ይናገርና በጥያቄ ምልክት ይዘጋል። ጥያቄ ምልክቱ እስከ ዛሬ በቦታው ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 847,434 ነበር፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ጨምሯል፤ መሬቱ አልጨመረም። እንዲህ ከተጨናነቀ ማሳ በየዓመቱ ለፋብሪካ የሚወጣው ቅጠልና ግንድ በምን ይተካል? በዩሪያ? ዩሪያውስ በማን ዶላር? ይህ ወጪ በፕሮጀክቱ በጀት የትኛው ረድፍ ላይ ተጽፏል?

ቃጫው ራሱስ የሚጣል ነው? ገመድ ይፈተልበታል፣ አጥር ይታሰርበታል፣ ጆንያና ምንጣፍ ይሠራበታል፣ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። በ1997 እ.ኤ.አ. ስለ እንሰት በወጣ በሰፊው የሚጠቀስ ጥናት ላይ ከአገሪቱ የቃጫ ምርት ከ30 በመቶ በላዩ ከእንሰት እንደሚገኝ፣ በዓመት 600 ቶን ያህሉም ወደ ፋብሪካ እንደሚሄድ ተጽፏል። ጥንካሬውንም በዓለም ገበያ ስም ካለው ከፊሊፒንስ የአባካ ቃጫ ጋር እኩል አድርጎታል። 600 ቶን በዓመቱ ቀናት ሲካፈል በቀን ሁለት ቶን አይሞላም፤ ያውም ከመላ አገሪቱ ተሰብስቦ። ዛሬ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ቃጫ ባለቤትና ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። ባለቤት ያለውን ዕቃ ተረፈ ምርት ብሎ መመዝገብ አንድ ጥቅም አለው፦ የጥሬ ዕቃው ዋጋ በሠንጠረዡ ላይ ዜሮ ይሆናል። ጥሬ ዕቃው ነፃ ነው የተባለ ፕሮጀክት ደግሞ ወረቀት ላይ ከስሮ አያውቅም።

የቡናው ገለፈትስ ያጠነክራል ወይስ ይሞላል?

በእርግጥ በጌዴኦ በእውነት የሚጣል ነገር አለ። በመፈልፈያ ጣቢያዎች ዙሪያ በቡናው ወቅት ተከምሮ የሚበሰብሰው ገለፈት ነው። ከእሸት ቡናው ክብደት አርባ በመቶ ያህሉን የሚይዘው እሱ ነው። ፈሳሹ ወንዝ ሲገባ ውኃው ኦክስጅን ያጣል፣ ይጠቁራል፣ ይገማል፤ ከታች የሚቀዳውና የሚታጠበው ሰው የሌላውን ቡና ዕዳ ይከፍላል። ይህን ክምር አነሣለሁ የሚል ተመራማሪ ምስጋና ይገባዋል።

ግን ገለፈት ቃጫ ነው? ደርቆ ሲፈጭ የሚገኘው አጫጭር ቅንጣት ነው። ፕላስቲክን የሚያጠነክር ቃጫ ጭነቱን ከፕላስቲኩ ተቀብሎ ለመሸከም የሚበቃ ርዝመት ያስፈልገዋል፤ ቅንጣት ቦታ ይሞላል እንጂ አይሸከምም። ዕቃውን ገተር ሊያደርገው፣ የፕላስቲኩንም ወጪ ሊቀንስ ይችላል፤ ሲጎተት የሚችለውን ኃይል ግን ብዙ ጊዜ ዝቅ ያደርገዋል። ታዲያ ርዕሱ ላይ ማጠንከሪያ ተብሎ የሚጻፈው ለምንድን ነው? መሙያ ከተባለ ስለማያስመርቅ?

ሌላም ችግር አለ። የትኩስ ገለፈት አብዛኛው ክብደት ውኃ ነው። ፕላስቲክ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፈጽሞ ካልደረቀ እንፋሎቱ ዕቃውን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል። የት ይደርቅ? በዚያ ሰሞን የማድረቂያ አልጋው ሁሉ በቡና ተይዟል። በፀሐይ ካልሆነ በእሳት ይደርቅ ቢባል ማገዶው ከየትኛው ዛፍ ይቆረጣል? ተቆልሎ ጥቂት ቀን ከቆየ ደግሞ ይበሰብሳል፤ ለፋብሪካ አይሆንም። ገለፈቱን በአግባቡ አብላልቶ ኮምፖስት አድርጎ ወደ ቡናው መመለስ ግን ፋብሪካም ምንዛሪም አይጠይቅም። ይህ መንገድ የተናቀው ስለማይሠራ ነው ወይስ ለጆርናል ስለማይበቃ?

የትኛው ፕላስቲክ?

የሐሳቡ ደጋፊዎች የገጠሩን ተረፈ ምርትና የከተማውን ፕላስቲክ አንድ ላይ እንገላገላለን ይላሉ። በየአቀራረቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይም የሃይላንድ ጠርሙስ ክምር ፎቶ ይለጠፋል። ፎቶውን የለጠፈው ሰው የሙቀት መለኪያ አይቶ ያውቃል?

ሃይላንዱ የሚሠራበት ፕላስቲክ ፔት ይባላል፤ የሚቀልጠው በ250 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የዕፅዋት ቃጫ ግን 200 ዲግሪ ሲደርስ መጎዳት፣ ከዚያም መክሰል ይጀምራል። ሃይላንድ አቅልጦ ቃጫ የሚጨምርበት ሰው የሚያተርፈው የተቃጠለ ቃጫ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ጀሪካን ነው፤ በ130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። እህልና ስሚንቶ የሚጫንበት የማዳበሪያ ከረጢትም ይሆናል፤ የእሱ ወደ 160 ዲግሪ ነው። ፌስታል ከሁለቱም ቀድሞ ይቀልጣል፤ ነገር ግን ከቦይ ሲለቀም ጭቃና የምግብ ትራፊ ይዞ ነው። ማጠቢያው ውኃ ከየት ይመጣል?

ከዚህ በላይ የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው። ጀሪካንን በአገራችን ማን ይጥላል? እስኪሰነጠቅ ውኃ ይቀዳበታል፣ ሲሰነጠቅ ተቆርጦ መያዣ ይሆናል፣ ሲሰባበር ቆራሌው ይወስደዋል። ማዳበሪያውም እስኪበጣጠስ ድረስ እህል፣ ከሰል፣ ልብስ ይታጨቅበታል። ለሥራው የማይሆነው ፕላስቲክ ቦዩን ሞልቶታል፤ የሚሆነው ደግሞ ገዢ አለው። ይህን የሚነግረን የትኛው ጽሑፍ ነው?

ብዙ ጊዜ ቤተ ሙከራው ውስጥ የምናገኘው ከእነዚህ አንዱም አይደለም። የምናገኘው ከውጭ የመጣ የፖሊስተር ሙጫ ነው። ኢትዮጵያ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ የሚያወጣ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ የላትም፤ ፍሬውም ሙጫውም በመርከብ መጥቶ በዶላር ይከፈልበታል። ከናሙናው ክብደትም አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላዩ ይኸው ሙጫ ነው። ታዲያ በአገር ውስጥ ጥሬ ዕቃ የተሠራ የተባለው የትኛው ግማሽ ነው? ገመድ፣ ጆንያና ዘንቢል መሆን የሚችለውን ቃጫ በተበደሩት ዶላር በመጣ ሙጫ ማራስ፣ የእኛ ሰው ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚለው ይህን አይደለም?

እጣቢው ወዴት ይፈስሳል?

ቃጫ ውኃ ይወዳል፤ ፕላስቲክ ውኃ አይወድም። ሁለቱ እንዲያያዙ ቃጫው አስቀድሞ በኮስቲክ ሶዳ መታጠብ አለበት። እንግሊዛዊው ጆን መርሰር ጥጥን በዚህ መንገድ ለውጦ የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1850 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ምሥጢር የለውም። በቤተ ሙከራ ባልዲ ውስጥ ያለው ጥቂት ሊትር እጣቢ ማንንም አይጎዳም። ሥራው ወደ ፋብሪካ ሲያድግ ግን በብዙ ሺህ ሊትር የሚቆጠረው ኮስቲክ ያለበት ውኃ የት ሊደፋ ነው? ዲላን ታክኮ የሚያልፈው ለገዳራ ወንዝ የቡናውንና የከተማውን ቆሻሻ ችሎ እየሄደ ነው። ለአካባቢ ተስማሚ በተባለ ዕቃ ስም ሦስተኛ ጭነት ይጨመርበት? እጣቢው በአሲድ ተመጣጥኖ፣ ተጣርቶ ይለቀቃል የሚል መልስ ካለ ወጪው ከቃጫው ዋጋ ላይ ይደመርና እንየው።

ማን ይገዛዋል?

ለመኪና የውስጥ አካል የሚለው ማጠቃለያ ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም። በ2004 እ.ኤ.አ. መርሴዲስ በኤ ክላስ መኪናው ላይ የትርፍ ጎማ ማስቀመጫውን ክዳን ከፋይበርግላስ ይልቅ አባካ ባለበት ፖሊፕሮፒሊን ሠራ። አባካ የሙዝ ዘመድ ነው፤ ለእንሰትም ሥጋ ዘመዱ ነው። ቃጫው ከፋይበርግላስ በክብደቱ በጣም ይቀልላል፤ መኪና ደግሞ በቀለለ ቁጥር ነዳጅ ይቆጥባል። እውነተኛና የሚያስቀና ታሪክ ነው።

ግን ታሪኩ ከየት ነው የጀመረው? ከመኪና ፋብሪካው ነው። የሚፈልገውን ክፍል፣ የሚፈልገውን ጥንካሬ፣ የሚገዛበትን ዋጋና መጠን የሚያውቅ ገዢ ቀድሞ ነበር። ፊሊፒንስም ቃጫውን ለዘመናት በደረጃ ለይታ ስትሸጥ የኖረች አገር ናት። እኛ ጋ ያሉት መገጣጠሚያዎች የበሩን ልባስ ከነብሎኑ በሳጥን ከውጭ ያስመጣሉ። የእንሰት ቃጫ የበር ልባስ ለማን ሊሸጥ ነው? ከተመራማሪዎቹ መካከል ስንቱ ናሙናውን ይዞ ወደ አንዱ መገጣጠሚያ ሄዶ ትገዙኛላችሁ ወይ ብሎ ጠይቋል?

ገዢ እዚያው ጌዴኦ ውስጥ አለ። ወደ ውጭ የሚላከው ቡናችን የሚጫንበትን 60 ኪሎ የሚይዝ የጁት ጆንያ ተመልከቱ። ጁት እኛ ጋ አይበቅልም፤ ከደቡብ እስያ ነው የሚመጣው። ጥሩውን ቡና የሚልኩት ደግሞ ጆንያው ውስጥ ሌላ የፕላስቲክ ከረጢት ይጨምራሉ። የእንሰት ቃጫ ያለበት አገር ቡናውን በባሕር ማዶ ቃጫ ጠቅልሎ ይሸጣል፤ የእንሰቱን ቃጫ ደግሞ ወስዶ ሙጫ ውስጥ ይነክራል። ይህን የማይጠይቅ የምርምር አጀንዳ የማን አጀንዳ ነው? የእንሰት ቃጫ ጆንያ ለቡና ይሆናል ወይስ አይሆንም? ሽታ ይተዋል? በማሽን ይፈተላል? ስንት ያወጣል? እነዚህም ለማስተርስ የሚበቁ ጥያቄዎች ናቸው።

ሁለተኛው ገዢ በሕግ የመጣ ነው። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከደነገገ በኋላ ፌስታሉ ከዓመት ዓመት በዛ እንጂ አልቀነሰም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ሕጉ በእውነት የሚፈጸም ከሆነ በየገበያው ቃሪያና ሽንኩርት የሚያዝበት ነገር ያስፈልጋል። እናቶቻችን ዘንቢል ይዘው ገበያ ይወጡ ነበር። የሚታጠፍ፣ የሚታጠብ፣ በኪስ የሚያዝ የቃጫ ከረጢት ለመሥራት ዛሬ ማን ቤተ ሙከራ ውስጥ አለ?

ሦስተኛው ያለ ማንም ድጎማ ራሱን ችሎ የቆመ ነው። የጅብሰም ሠራተኞች ቃጫ በጅብሰም እያራሱ ኮርኒስና የግድግዳ ጌጥ ይሠራሉ። ጅብሰሙ ብቻውን ቢሆን የሚሰበረውን ቃጫው ይይዘዋል። ይህ ያለቀለት ኮምፖዚት ነው፤ ገበያ አለው፣ ዋጋ አለው፣ የሚሠራው ሰው ቤተሰቡን ያስተዳድርበታል። ምን ያህል ቃጫ ቢገባ፣ እንዴት ቢታጠብ፣ በምን ውፍረት ቢሠራ ይበልጥ እንደሚጠነክርና እንደሚረክስ ሄዶ የመከራቸው ምሁር አለ?

ብሩ ማን እጅ ይገባል?

እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ናቸው። ግንዱን ሳንቃ ላይ አጋድመው፣ በመፋቂያው እየገፉ፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ ይሠራሉ። ቆጮው ጉድጓድ ይገባል፣ ቡላው ይጠልላል፣ ቃጫው ታጥቦ ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ገበያ ወጥቶ በሴቲቱ እጅ ለጨውና ለደብተር የሚሆን ፍራንክ የሚያመጣው አንዱ ይኸው ቃጫ ነው። ፋብሪካ ቢመጣና በጅምላ የሚገዛ ነጋዴ መሐል ቢገባ፣ ፍራንኩ በእጇ ይቀራል ወይስ ውል ፈራሚው አባወራ ኪስ ይገባል? በዚህ ጉዳይ ላይ እሷን ያነጋገራት አለ?

ድካሟን የሚያቀልል ማሽን ማምጣት ተገቢ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያዎችን ሠርቶ አስተዋውቋል። ነገር ግን ከግቢ ግቢ የሚዞር ማሽን ከግቢ ግቢ የሚያደርሰው ሌላ ነገርም ሊኖር ይችላል። እንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ በ1968 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በሳይንስ ከተመዘገበ ጀምሮ እስከ ዛሬ ፈውስ አልተገኘለትም፤ ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው የሚሸጋገርበት ዋናው መንገድ ያልጸዳ ቢላዋና መቁረጫ ነው። የማሽኑን ስለት በየግቢው የማጽዳት ኃላፊነት የማን ነው? ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ ተክል በአንድ ወቅት ቢጠወልግ የቤተሰቡን ጓዳ ማን ይሞላዋል? የቃጫ ኢንዱስትሪ ከሚል የፕሮጀክት ሰነድ ውስጥ በሽታ የሚለው ቃል ከሌለ ሰነዱን የጻፈው ሰው እንሰት አላየም።

ዕቃው ሲያረጅስ?

በምሥራቅ ጀርመን ከ1957 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ትራባንት የምትባል መኪና ተመርታለች፤ ብዛቷ ከ3 ሚሊዮን በላይ ነው። የውጭ አካሏ የተሠራው ከጥጥ ፋብሪካ ትራፊና ከፌኖል ሙጫ ነበር። ብረት ላጠረው አገር ብልህ መፍትሔ ሆነ፤ አካሉ አይዝግም፣ ቀላል ነው። የበርሊን ግንብ ፈርሶ ሕዝቡ መኪናውን እየጣለ ሲሄድ ግን ያ አካል ቀልጦ እንደገና የማይሠራ፣ ተቀብሮም የማይበሰብስ ዕዳ ሆኖ ቀረ። ቃጫ እና ሙጫ አንዴ ከተጋቡ ፍቺ የላቸውም።

የኛ ቤተ ሙከራዎች የሚወዱት ፖሊስተርም እንደዚያው ነው፤ አንዴ ከጠነከረ አይቀልጥም። የእንሰት ቃጫ ብቻውን ቢጣል አፈር ይሆናል። ጀሪካን ብቻውን ቢጣል ቆራሌው ይወስደዋል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ አፈሩም አይቀበላቸውም፣ ቆራሌውም አይገዛቸውም። ታዲያ ይህን ዕቃ በምን ሒሳብ ነው አረንጓዴ የምንለው? በጌዴኦ ዝናብ ውስጥስ ስንት ዓመት ይቆያል? ቃጫው እርጥበት እየሳበ ሲያብጥና ሲኮማተር ከፕላስቲኩ ይላቀቃል። ናሙናው በቤተ ሙከራ ውኃ ውስጥ ለቀናት ተቀምጦ ይመዘናል፤ ውጭ ለብዙ ክረምት ቆሞ የተመዘነው የታለ?

ታዲያ ሥራው ይቁም?

አይቁም። ቃጫ ያለበት ፕላስቲክ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ጠባብ ነው። ለብዙ ዓመት ውጭ የሚቆም፣ ምስጥ የሚበላውን እንጨት ወይም ሌባ የሚያነሣውን ብረት የሚተካ፣ ከአሮጌ ጀሪካንና ከተበጣጠሰ ማዳበሪያ የሚሠራ ዕቃ ከሆነ ትርጉም ይኖረዋል። የቡና ማድረቂያ አልጋ እግር አንዱ ነው። በየመፈልፈያ ጣቢያው ተደርድረው የሚታዩት አልጋዎች የቆሙት በእንጨት ነው፤ እንጨቱ በምስጥ ይበላል፣ ይበሰብሳል፣ ይተካል። ገዢው ታውቋል፣ ቦታው ታውቋል፣ ወቅቱ ታውቋል፤ እንጨቱም ይተርፋል። የመንገድ ዳር የማንሆል ክዳን ሌላው ነው፤ ብረቱ ተሰርቆ ይሸጣል፣ ይህኛውን ግን የሚገዛ ቆራሌ የለም። ከዚህ ውጭ ላለው ሁሉ ቃጫው ከፕላስቲክ ጋር ከመጋባቱ በፊት በራሱ ሊሠራ የሚችለውን ይሥራ፤ ገመድ፣ ጆንያ፣ ከረጢት፣ የጅብሰም ማሰሪያ ይሁን። ፕላስቲክን ለማጠንከር የሚውል ቃጫ ፕላስቲክን ለመተካት ከሚችለው ቃጫ ላይ የሚነሣ ነውና ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት።

ስለዚህ የዲላ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ኮሚቴዎች የሚቀጥለውን የቃጫና የፕላስቲክ ሐሳብ ከማጽደቃቸው በፊት አምስት መልስ በአንድ ገጽ ይጠይቁ። ቃጫው ዛሬ ስንት ይሸጣል፣ ማንስ ይሸጠዋል? ፕላስቲኩ የትኛው ነው፣ በስንት ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከየት ይሰበሰባል? እጣቢው የት ይጣራል? ዕቃውን የሚገዛው ድርጅት ማን ነው፣ ደብዳቤ ጽፏል? ሲያረጅ ማን ይወስደዋል? እነዚህን መመለስ የቻለ ተመራማሪ ገንዘቡም ቤተ ሙከራውም ይሰጠው። መመለስ ያልቻለው ግን የመጎተቻ ማሽኑን ትቶ መጀመሪያ ገበያ ይውጣ፤ ቃጫ ከምትሸጠው ሴት ፊት ይቀመጥና ዋጋውን ይጠይቃት።